ሽማግሌ የዳኘው ጎማ

ሰዎች፣ ሁለት አዲስ ጎማ ሚስት ያሳጣል ብላችሁ ታምናላችሁ?

አታምኑም። እኔን ግን አሳጥቶኛል!

ነገሩን የቀሰቀሰው ኢንቦክስ የገባ አንድ ልጅ ነው። «አያ ፈንታ፣ የድሮ ሾፌር ነዎት አሉ፤ ሁለት አዲስ ጎማ አግኝቻለሁ፣ የት የት ላስገባቸው?» ይለኛል። ልጄ፣ አንተ እንዲያው በደህና ጠየቅኸኝ። እኔ ግን ቁርሴን ትቼ ስልኬን ይዤ ተቀመጥሁ።

ስለዚህ ዛሬ ሁሉንም ልዘርግፈው ነው። ሼር እንዳታደርጉ ብቻ አደራ! ባለቤቴ ፌስቡክ አትከፍትም፤ ጎረቤቶቿ ግን ከዚያ አይወጡም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጣሊያን ተባሮ ሄዷል፣ መንገዱና አሮጌ ማኪናዎቹ ቀርተውልናል። እኔ ጎንደር ላይ የአንድ ቀኛዝማች ሾፌር ነበርሁ። ሾፌር ማለት ያኔ እንዳሁኑ እንዳይመስላችሁ! ፒያሳ ላይ ክላክስ ስነፋ ልብስ ሰፊው ሥራውን አቁሞ ያየኛል። ፀጉሬን በውሃ አርሼ ወደ ኋላ አበጥራለሁ፣ ክንዴን በመስኮት አወጣለሁ።

ኢንፍሉዌንሰር በሉኝ!

እና አዲ አርቃይ ላይ አንዲት ልጅ ወደድሁ። እንጉዳይ ትባላለች።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ለራዲያተሩ ውሃ ልቀዳ ወንዝ ዳር ቆሜ፣ ያየሁት ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ክላክስ ነፋሁ። የእሷ በቅሎ ደነበረችና የጫነችውን ሎሚ በየሜዳው በተነችው። ልጅቱ አልጮኸችም። ማኪናዋን አየች፣ ፀጉሬን አየች፣ «እሷም እንደ አንተ መታየት ትወዳለች?» አለችኝ።

ሎሚ ስለቅም ልቤ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ራዲያተሬን ውሃ ይጠማው ጀመር። ጌታዬ ቀኛዝማቹ «ይቺ ማኪና ግመል ናት ወይስ ላም?» እስኪሉ ድረስ!

ችግሩ አባቷ ነበሩ። አያ ድረስ ሲራራ ነጋዴ ናቸው፣ በበቅሎ ጨውና እህል ሲያመላልሱ የኖሩ። ማኪና መጥቶ ገበያቸውን ስለነጠቃቸው ሾፌር የሚባል ፍጡር ማየት አይፈልጉም። እኔን በመልክ አያውቁኝም። እኔ ግን አሳምሬ አውቃቸዋለሁ፣ ከሩቅ ባየኋቸው ቁጥር መንገድ እቀይር ነበርና።

አንድ ቀን እንጉዳይ ቁርጡን ነገረችኝ። ከዳባት አንድ ባለ መሬት ለእሷ ሽማግሌዎች ልኳል። አባቷ እሺ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ሰው የምልክ ከሆነ ቶሎ ልላክ፣ ሰዎቹም ቃላቸው የሚከብድ ይሁኑ። ይህን ስትለኝ ዓይኗን ከወንዙ ላይ አላነሳችም። እኔም እንደምትወደኝ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁ።

ቃላቸው የሚከብድ? ሞልቶኝ!

የጌታዬ እግር ላይ ወደቅሁ። እሳቸው ወዳጃቸውን ግራዝማቹን ያዙ፣ ግራዝማቹ ደግሞ ቅስናም ያላቸውን ነፍስ አባታቸውን መሪጌታን። ሦስቱም ድንበር ያካለሉ፣ ደም ያደረቁ፣ ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳላቸው ናቸው። የሚሄዱትም በጌታዬ ማኪና ነው። አያ ድረስ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከማኪና በክብር ሲወርዱ ካዩ፣ ሾፌር ላይ ያላቸው ቂም ይበርድላቸዋል ብዬ ነው።

ፕላኔ ሸጋ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሸጋ ነበር!

አንድ ጣጣ ብቻ አለ። ሚስት የሚለመንለት ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፣ ነውር ነው። ሌላ ሾፌር ደግሞ የለም። ስለዚህ እኔ ዝም ብዬ ሾፌር እንድሆን፣ ማን መሆኔንም ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተማማልን።

አሁን ወደ ጎማው ልምጣ።

የማኪናዋ አራቱም ጎማ ሙልጭ ብሏል፣ ጥርስ የሚባል አልቀረውም። ከአስመራ ሁለት አዲስ ብቻ መጣልን። ጥርሳቸው የወፈረ፣ ከአሮጌዎቹ ከፍ የሚሉ፣ ጭቃ የሚነክሱ።

እዚህ ላይ ስልካችሁን ጠጋ አድርጉና አንብቡ። ሁለት አዲስ ጎማ ያለው ሰው ሁለቱንም ጎን ለጎን ነው የሚያስገባ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከኋላ ነው፣ ቁልቁለት ላይ የሚከዳው የማኪና ቂጥ ነውና። ፊቱ ቢንሸራተት ቀስ ብለህ በመሪ ትመልሰዋለህ። ቂጡ ከተንሸራተተ ግን የቀረህ ጸሎት ነው። ይህን ዛሬ የተማርሁት እንዳይመስላችሁ፣ ያኔም አውቀው ነበር።

«ከኋላ ላስገባቸው ነው» አልሁ።

ቀኛዝማቹ ተቆጡ። እኔ ከፊት ተቀምጬ አዲሱ ጎማ ከኋላ? ከኋላ የሚከተል አሽከር ነው አሉ። ይሁን፣ ከፊት ይሁንልዎ ስል የግራዝማቹ ፊት ጠቆረ። እሳቸው ከኋላ ወንበር ናቸዋ! ራሰ በራ ጎማ ላይ ልታስቀምጡኝ ነው ከቤቴ ያስወጣችሁኝ ብለው ኩታቸውን ሰበሰቡ።

ታዲያ ሽማግሌ እርስ በርሱ ሲጣላ ምን ያደርጋል?

ሽምግልና ይቀመጣል!

ፒያሳ፣ የልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። በጎማ ጉዳይ! ጎማዎቹን እንደ ተከሳሽ ፊታቸው አቆምሁላቸው። ግራ ቀኙ ተሰማ። መንገደኛው ቆሞ ያዳምጣል፣ አንዳንዱም አስተያየት ይሰጣል፣ ልክ እንደ እናንተ።

የሽማግሌ ፍርድ መቼም ታውቁታላችሁ። ማንም እንዳይከፋው ነገሩን ከመሀል መግመስ ነው። አንዱ አዲስ ለፊት፣ አንዱ አዲስ ለኋላ! በየትኛው ጎን? መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና በዕለተ ምጽአት በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ እንደሚቆሙ አስታወሱን። ቀኛዝማቹ ደግሞ የሚቀመጡ በቀኝ ነው። መሪጌታም ከኋላቸው በቀኝ ናቸው፣ ቄስ አይደሉ! ግራዝማቹ ፍየል መባሉ ባይጥማቸውም፣ ቢያንስ አንዱ አዲስ ከኋላ ስለሆነ ተቀበሉ።

ተመራረቁ። ሁለቱም አዲስ በቀኝ፣ ሁለቱም ሙልጭ በግራ!

አስቡት እስቲ። ማኪናዋ ቀኝ እግሯ ቦት ጫማ፣ ግራ እግሯ ነጠላ ጫማ አድርጋ ሊማሊሞን ልትወርድ ነው።

ልናገር አፌን ከፈትሁ። ቀኛዝማቹ ዘወር ብለው «ሽማግሌ የዳኘውን ልታፈርስ ነው?» አሉኝ። ነገ ሚስት የሚለምኑልኝ ሰዎች ናቸው። አፌን ዘጋሁት።

ፈሪ በሉኝ። ኮሜንቱ ክፍት ነው።

የባሌስትራው ነገር ደግሞ አለላችሁ። ባሌስትራ ማኪናዋን ከጎማው በላይ ተሸክሞ የሚያነጥራት የተደራረበ ብረት ነው። የግራው የኋላ ተሰንጥቆ ነበርና በእርጥብ ጠፍር ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ጠፍር ሲደርቅ ብረት ነው። ሲረጥብ ግን ያው ጠፍር ነው። ንጥረቱን የሚያበርዱት አሞርዛተሮችም ዘይታቸውን ተፍተው ከጨረሱ ቆይተዋል። አንድ ጉድጓድ የመታች እንደሆነ እስከሚቀጥለው ጉድጓድ እስክስታ ነው።

በዚያ ላይ ግራዝማቹ ግራ ወንበር ላይ ዐረፉ። ግራዝማቹ የዋዛ ሰው አይደሉም፣ ሁለት ሰው ያህላሉ። ማኪናዋ በግራ ጎኗ አቃሰተች።

በማለዳ ከጎንደር ወጣን። ቀጥ ብዬ ስነዳ ወደ ዝቅተኛው ጎማ፣ ወደ ግራ ትስበኛለች። ፍሬን ስይዝ ደግሞ ቀኙ መሬት ይነክሳል፣ ግራው ይንሸራተታል፣ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይወረወራል። ሄድ ስትል ግራ፣ ቁም ስትል ቀኝ! ዳባት ሳንደርስ ክንዴ ዛለ። ቀኛዝማቹ ግን ደስታቸው ሌላ ነው። ማኪናዋ ወደ ግራ ስላዘነበለች እሳቸው ከግራዝማቹ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፣ መንገደኛውንም ሰገነት ላይ እንዳለ ሰው በእጃቸው ይባርካሉ።

ደባርቅን አልፈን የሊማሊሞ አፋፍ ላይ ስንደርስ ዝናብ ጣለ።

ጠፍሩ ጠጣ!

ሊማሊሞን የማታውቁ ጎግል አድርጉ፣ እኔ እዚህ ላይ ልነግራችሁ ጉልበት የለኝም። በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ደመና። ጠምዘዝ ባልን ቁጥር መሪጌታ «እግዚኦ» ይላሉ፣ ግራዝማቹ መሪጌታን ያቅፋሉ፣ ቀኛዝማቹ «ቀስ በል አንተ!» ይላሉ። ቀስ እንዳልል ፍሬኑ እኮ ነው የሚገለብጠን!

ከዚያ አንድ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ቁልቁለት መጣ። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ የማኪናው ክብደት ሁሉ ወደ ግራ ይሄዳል። ግራ ምን አለ? ሙልጭ ጎማ፣ የላላ ጠፍር፣ ግራዝማቹ። ፍሬን ነካ አደረግሁ። አፍንጫዋ ወደ ግድግዳው፣ ቂጧ ወደ ገደሉ!

ቆመች። እንዴት እንደቆመች እኔም አላውቅ። የግራው የኋላ ጎማ ከመንገዱ ጠርዝ አልፎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከእሱ በላይ ግራዝማቹ። ቀኛዝማቹ በራቸውን ከፈቱ። በደረጃ መጀመሪያ የሚወርዱ እሳቸው ናቸዋ! አንድ እግራቸውን ሲያወጡ ማኪናዋ በግራ በኩል ወደ ታች ሰገደች።

«ጌታዬ አይውረዱ!» ብዬ ጮህሁ። «ግራዝማች በመሪጌታ ላይ ተሻግረው ይቅደሙ፣ እርስዎ ክብደት ይሁኑልን!»

ቀኛዝማቹ እኔን ሳይሆን ደመናውን እያዩ፣ ግራዝማች ቀድሟቸው አንድም ቀን ከየትም ወርዶ እንደማያውቅ ተናገሩ። ገደል አፋፍ ላይ! ግራዝማቹም በበኩላቸው በቄስ ላይ መረማመድ ነውር ነው ብለው ተቀመጡ። እኔ ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረግጬ እንጉዳይን አሰብሁ። ስሞት ሎሚ የምትለቅም መሰለኝ።

ይህን ጊዜ ነው ከታች የበቅሎ ቃጭል የሰማሁ።

ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። ፊት ፊት የሚመጡት ሽማግሌ አንድ ጊዜ ብቻ አየት አደረጉን፣ ሰዎቻቸውን የቀኙን ጎን እንዲጫኑ አዘዙና በሩን ከፈቱ። «መጀመሪያ ወፍራሙ ይውጡ» አሉ። ግራዝማቹ ወጡ! ማዕረግ የማያውቅ ሰው ነፍስ ያድናል ወገኖቼ። ከዚያ ገመድ አምጥተው በበቅሎ ስበው ማኪናዋን ወደ መንገዱ መለሷት።

ላመሰግናቸው ቀና አልሁ። አያ ድረስ ናቸው!

አባቷ። ዋናው ሰውዬ። ሽማግሌዎቼ አያውቋቸውም፣ እሳቸው እኛን አያውቁንም፣ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። የማልናገር ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፤ እንዴት አወቅሃቸው ብባል ማን መሆኔ ይወጣላ፣ ተማምለናላ!

አያ ድረስ ጭነቱን ለሰዎቻቸው ትተው ሦስቱን ሽማግሌዎች በሦስት በቅሎ አስቀመጧቸውና ወደ አዲ አርቃይ ይዘዋቸው ወረዱ። እኔ ባዶ ማኪናዬን በአንደኛ ማርሽ እያዘገምሁ ከኋላ ተከተልሁ። ግራዝማቹ ስለወረዱላት በመጠኑ ቀና ብላለች። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሊማሊሞ ደግሞ ድምፅ ይመልሳል። ሁሉንም ሰማሁ።

አያ ድረስ ጎማዎቹን አይተው ኖሮ፣ እንዲህ ቀኝና ግራ አበላልጦ ያስገባው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ሦስቱም ተያዩ።

«ሾፌሩ ነዋ!» አሉ ቀኛዝማቹ።

ግራዝማቹ ቀጠሉ። እኛማ መክረነው ነበር፣ እምቢ ብሎ ነው፣ የሰው ነፍስ ከቁም ነገር የማይቆጥር ልጅ ነው አሉ። መሪጌታ ደግሞ ከትዕቢት ጀምረው ወደ መጠጥ ተሻገሩ። መጠጥ! ጠላ እንኳ ሆዴን የሚነፋኝን ሰውዬ!

ዝም በሉ፣ አባቷ ናቸው ልበላቸው? በምን አፌ? ቢያንስ ንግግራቸውን ላቋርጥ ብዬ ክላክስ ነፋሁ። የቀኛዝማቹ በቅሎ ደንብራ እሳቸውን አንገቷ ላይ አስተኛቻቸው።

«አዩልኝ?» አሉ ቀኛዝማቹ ከተኙበት። «ይኸው ነው ሥራው።»

አዲ አርቃይ ደረስን። አንድ ደህና ግቢ ፊት ሽማግሌዎቹ ወረዱ፣ ጭቃቸውን አራገፉ፣ መረቁና ተሰናበቱ። እኛ እንግዲህ አያ ድረስ የሚባሉ ሰው ቤት ልንሄድ ነው፣ የሚያሳየን ይስጡን አሉ።

«አያ ድረስ እኔ ነኝ» አሉ ሰውዬው።

ሦስቱም ኩታቸውን አስተካከሉ። ምን ያስተካክላሉ ሌላ!

የማይቀር ነውና ደጃፍ ላይ ቆሙ። ግቡ ተቀመጡ ሲባሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፣ እንደ ደንቡ። እንጉዳይ የእግር ውሃ ይዛ ብቅ ብላ ቆማለች። እኔ ከማኪናዋ አጠገብ ጎማ የማይ መስዬ ጆሮዬን አቁሜያለሁ። ቀኛዝማቹ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጀመሩ፣ አሳምረው ጀመሩ። ጨዋ ነው፣ ታማኝ ነው፣ እጁ የተባረከ ነው፣ አፉ መጠጥ አይቀምስም።

አያ ድረስ በደስታ አዳመጡ። ይህን ያህል ሰው የመጣለት ልጅ ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው አሉ።

ሦስቱም ጭቃቸውን እንደገና ማራገፍ ያዙ።

መሪጌታ «የመንገድ ሰው ነው» ለማለት ሞከሩ። ነጋዴ? አይደለም። ወታደር? አይደለም። ግራዝማቹ መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ቀኛዝማቹ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱና ወደ ማኪናዋ ጠቆሙ። ወደ እኔ።

አያ ድረስ አልጮኹም። ቢጮኹ በወደድሁ! እኔን አዩ፣ እነሱን አዩ።

«ጌቶቼ፣ ሽማግሌ አይዋሽም» አሉ። «መንገድ ላይ የነገራችሁኝን አምኛችኋለሁ። ልጄን እንዲህ ላለ ሰው አልሰጥም።»

ምን ይመለሳል? ዋሽተን ነው ቢሉ ከዚያ ወዲያ ማን አስታርቁን ይላቸዋል፣ ማን ይነሳላቸዋል? አልዋሸንም ቢሉ እኔ አለቅሁ። ሦስቱም አሰቡ። አልዋሸንም የሚለውን መረጡ፣ ዝም በማለት። እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልሁ።

ምሳ ተሰጣቸው፣ ገብተው በሉ። እኔ አልገባሁም። ከዚያ እንዲያው ተነሳሁና ማኪናዋን በክሪክ ከመሬት አነሳኋት። ማንንም አልጠየቅሁም። የቀኙን የፊት ጎማ ነቅዬ ከግራ የኋላው ጋር ቀያየርሁት። ሁለቱም አዲስ ከኋላ፣ ጎን ለጎን። የላላውን ጠፍር ፈትቼ ባሌስትራውን በእንጨት ደግፌ በገመድ ጠፈርሁት። ሽማግሌዎቹ ከምሳ ወጥተው ቆመው አዩኝ። አንድም ሰው ስለ ቀኝና ግራ አላነሳም።

እንጉዳይ እንስራዋን ይዛ መጣች። አባቷ እያዩ ነው፣ ግድ አልሰጣትም። ምን እየሠራህ ነው አለችኝ። ሁለቱ አዲስ አንድ ላይ ከኋላ መሆን እንዳለባቸው፣ እንዲህ ሲሆን ማኪናዋ ቁልቁለት ላይ እንደማትከዳ ነገርኋት።

«ይህን አሁን ነው ያወቅኸው?»

«የለም፣ ድሮም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ከጎንደር ስትነሱ ምነው ዝም አልህ?»

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። መልስ ጠበቀች። ሽማግሌ ዳኝቶብኝ ነው ልል አሰብሁና እኔው ራሴ አፈርሁ። ቡሎን ማጥበቅ ጀመርሁ። እሷ እንስራዋን አንስታ ወደ ወንዙ ወረደች። በዚያው ወር ለዳባቱ ባለ መሬት ተዳረች። ደግ ሰው ነበር ይላሉ፣ እኔም ደግ ይሁንላት ብያለሁ።

ስንመለስ ሊማሊሞን ማኪናዋ ቀጥ ብላ ወጣችው። ዝናቡ አላባራም፣ እሷ ግን አልሳተችም። ፍሬን ስይዝ ቀጥ፣ ስታጠፍ ልክ። መሪጌታ እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ግራዝማቹ አንኮራፉ። እኔ እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ነበር የምነዳ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ቀኛዝማቹ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«እንዲህ ነው እንጂ መንዳት! ጠዋትስ ምነው እንዲህ ብትነዳ?»

እና እኔ ምን ብዬ መለስሁ መሰላችሁ?

«እሺ ጌታዬ!»

በሉ እንግዲህ፣ ስደቡኝ።